የሌለውን ቡፌ የዞረችው አይጥ

አይጥ ማጥመድ የሚያምረው ስለ አይጥ ምንም ሳያነቡ ነው። ጎረቤቶቼ ሁሉ እንዲያ ነው የሚያደርጉት። ወጥመድ ይገዛሉ፣ ቁራጭ ሥጋ ያንጠለጥላሉ፣ ጠዋት ጅራቷን ይዘው ወደ ወንዙ ይወረውሯታል፣ እጃቸውን ታጥበው ቁርሳቸውን ይበላሉ። እኔ ግን አነበብኩ። ማንበብ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ገባኝ። የገባው ሰው ደግሞ አይጥ አይይዝም፤ ቤት ያተራምሳል እንጂ።

ቤቱ የአክስቴ ነው፤ ቀጨኔ፣ ከቁልቁለቱ ወገብ ላይ። አክስቴን ዘመድ ሁሉ እቴቴ ይላታል። የአባቴ ታላቅ እኅት ናት። ትዳሬ ሲፈርስ ሻንጣዬንና አሥራ አንድ ካርቶን መጽሐፍ ይዤ እሷ ዘንድ ገባሁ፤ ይኸው ስድስተኛ ክረምቴ ነው። እቴቴ ገና ዳዴ ሳትል ፈንጣጣ ዐይኗን ወስዶባታል። ብርሃን ምን እንደሚመስል አታውቅም። አንድ ጊዜ ጠይቄያት «ፊት ላይ ሞቅ የሚል ነገር አይደል እንዴ?» ብላ መልሳ እኔኑ ጠየቀችኝ። ነገር ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ በኖረችበት በዚህ የጭቃ ቤት ውስጥ ስትወጣ ስትገባ ያያት እንግዳ፣ ዕውር መሆኗን የሚያውቀው ሻይውን ጠጥቶ፣ አመስግኖ፣ እጁን ለሰላምታ ዘርግቶ ሳትጨብጠው ስትቀር ነው።

የምትሄደው የግራ እጇን አይበሉባ ግድግዳው ላይ ጣል አድርጋ ነው። አትደገፍም፣ አትዳብስም፤ ጣል ብቻ። ከመኝታዋ ተነሥታ በሣጥኑ በኩል ታልፋለች፣ መስኮቱ ሥር ትንሽ ትቆማለች፣ ከዚያ የቡፌው ጠርዝ ክርኗን ሲነካት ወደ ቀኝ ትዞራለች፤ ምክንያቱም ከቡፌው ቀጥሎ ወደ ማድ ቤት የሚያወርደው ደረጃ አለ። አንድ ደረጃ ናት፣ ግን ጥልቅ ናት፤ እኔ ሁለት ዐይን ይዤ ሁለት ጊዜ ወድቄባታለሁ። እቴቴ አንድም ቀን አልወደቀችም። በዚህ ሁሉ ምልልስ ግድግዳው ላይ በወገብ ቁመት አንድ መስመር ወጥቷል። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ እንደ አሮጌ ኮርቻ የሚያብለጨልጭ መስመር። ለፋሲካ ኖራ ሲቀባ ይጠፋና ክረምቱ ሳይገባ ይመለሳል።

ታዲያ ሰኔ ላይ የወደቀ ብዕር ላነሣ ጎንበስ ስል ሌላ መስመር አየሁ። ከወለሉ ሁለት ጣት ብቻ ከፍ ይላል። ቀጭን ነው፣ ቅባት ነክቶታል። ከካርቶኖቼ ጀርባ ይነሣና በእቴቴ መስመር ሥር፣ እኩል ለእኩል፣ ይጓዛል። እሷ በምትታጠፍበት ይታጠፋል። እሷ በምትቆምበት በመስኮቱ ሥር ትንሽ ሰፋ ይላል፤ አንድ ነገር እዚያ እየቆመ የሚያስብ ይመስል።

የተማረ ሰው ነኝ። ጠጉሬ ቆመ።

«እቴቴ፣ ቤት ውስጥ አይጥ አለ» አልኳት።

«አፍህን ያዝ!» አለችኝ። «ስሟን አትጥራ። ስሟ የተጠራ እንደሆነ ልብስ ትበላለች። እንግዳዋ በላት።»

«መኖሯን ታውቂያለሽ እንዴ?»

«አሁን ከመስኮቱ በላይ ናት።»

የቤታችን ኮርኒስ አቡጀዴ ነው፤ ጨርቁ ከተወጠረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፣ መሐሉ ረግቧል። ቀና አልኩ። ጨርቁ ላይ የጣት ጫፍ የሚያህሉ አራት ጉድጓዶች ወደ ታች ተወጥረው ይታያሉ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ ውጭ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።

«ቆመች» አለች እቴቴ በሹክሹክታ። «እያዳመጠችህ ነው።»

ጉድጓዶቹ አልተንቀሳቀሱም። እኔም አልተንቀሳቀስኩም። መጀመሪያ የተንቀሳቀስኩት እኔ ነኝ፤ ለዚህ ምስክር የለም ብዬ ልዋሽ እችል ነበር።

የመጀመሪያው ዘዴዬ ድመት ነበር። ከጎረቤት የተዋስኳት ድመት በአካባቢው ስመ ጥር ናት፤ ዶሮ ሳይቀር ይፈራታል። በሩ ላይ ተቀመጠች፣ ኮርኒሱን አየች፣ እቴቴን አየች፣ እኔን ረዘም አድርጋ አየችኝ፣ ከዚያ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ወጥታ ሄደች። ዳግመኛ በደጃችን አላለፈችም። ድመት የምታውቀውን አለመናገሯ እንደ ጥበብ ይቆጠርላታል፤ እኔ ግን ፍርሃት ነው ባይ ነኝ።

ነገሩ ቀልድነቱን ያቆመው እመቤት ስትመጣ ነው። እመቤት የእቴቴ አንድ ልጇ ናት። ባንክ ትሠራለች፣ ከከተማው ማዶ አምስተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም አላት፣ ሲበዛ ንጹሕ ናት። ማድ ቤት ገብታ የሽሮውን ከረጢት ስትከፍት ውስጡ ጥቁር ፍሬ አገኘች። ፍሬው የምን እንደሆነ ልንገራችሁ አልፈልግም።

«ይህን ነው እናቴ የምትበላው?» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ እመቤት ስትጮህ ይሻላል። «እጇን ብትነክሳትስ? አታይ! አንተ ደግሞ እዚህ ተቀምጠህ መጽሐፍ ትገልጣለህ። ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ። ያኔ ይህ ነገር ካልጠፋ እማዬን እወስዳታለሁ። በቃ።»

እመቤት ስትሄድ እቴቴ መስኮቷ ሥር ሄዳ ቆመች። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ አንድ ሳምንት ቆይታ ነበር፤ ግንባሯ ላይ ሁለት እብጠት ይዛ ተመለሰች።

«እዚያ ቤት ግድግዳው ሁሉ አንድ ነው» አለችኝ። «የትም ብትነካው የትም ነህ። ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የዋልኩት፤ እንደ ዕቃ። እዚያ ከምሄድ…» አልጨረሰችውም።

እኔም ከእሷ ጋር አዘንኩ፤ ለእሷ ብቻ ነው ያዘንኩት ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል። እቴቴ ከሄደች ቤቱ ይከራያል፣ ካርቶኖቼም እኔም ሜዳ ላይ ነን። ሰው ለሌላው የሚቆረቆረው ጣራው አንድ ሲሆን ነው።

ስለዚህ ወደ ዕውቀት ዞርኩ። የእኅቴ ልጅ ሳምራዊት ዩኒቨርሲቲ ስለ አንጎል ታጠናለች፤ ጥናቷም በአይጥ ነው። ጠራኋት፤ ረቡዕ መጣች።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ እንዴት እንደሚጠመዱ አይደለም የማጠናው» አለች ገና ሳትቀመጥ። «እንዴት እንደሚያውቁ ነው።»

«ጠላትን ማወቅ ግማሽ ድል ነው።»

«ኧረ በጌታ!» አለችና ወረቀት አወጣች። የአይጥ ፊት ሣለች፤ ጢሞቿን በአምስት ረድፍ ደረደረች። ከጎኑ ደግሞ ክብ ክብ ክፍሎች፣ እነሱም በአምስት ረድፍ። «ይኸውልህ። አንጎሏ ውስጥ ለእያንዳንዱ ትልቅ ጢም የራሱ ክፍል አለው። ጢሞቹ ፊቷ ላይ እንደተደረደሩ፣ ክፍሎቹም እንደዚያው ነው የተደረደሩት። ከጢሙ ሥር የሚነሣው ነርቭ በቀጥታ አይደርስም፤ መሐል ላይ ሁለት ጣቢያ አለው። በየጣቢያው ያው ካርታ ይገኛል።»

«ከዊንጌት አዲሱ ገበያ እንደሚሄድ ታክሲ ማለት ነው።»

«ታክሲውማ ተሳፋሪውን ይቀያይራል። ይሄ አይቀያይርም፤ የሦስተኛው ጢም መልእክት ሦስተኛው ክፍል ነው የሚገባው። ስትወለድ ካርታው ገና አላለቀም። ዐይኗ ሳይገለጥ፣ ጠጉር ሳታበቅል፣ እናቷን በጢሟ ስትነካ ስትነካ ነው ክፍሎቹ የሚለዩት። በእነዚያ ቀናት አንድ ጢም ከነሥሩ ብታጠፋባት ክፍሉ ጭራሽ አይሠራም። የጎረቤት ክፍሎች ይሰፉና ቦታውን ይይዙታል።»

«አጥር መግፋት!» አልኩ። «ይኼማ የእኛ ሰፈር ነው። ባለቤቱ በልጅነቱ ከጠፋ ጎረቤት ይወርሳል።»

«ቀኖቹ ካለፉ በኋላ ግን አጥሩ አይገፋም፤ ካርታው ጸንቷል። ሌላም አለ…» ድምፅዋን ቀነሰች። «ገና ሲወለዱ ማየት የቀረባቸው ካሉ፣ የዐይን የነበረው ቦታ ባዶ አይቀመጥም። መንካትና መስማት ይገቡበታል።»

አልጋዋ ላይ ጥጥ ትፈለቅቅ የነበረችው እቴቴ ራሷን ቀና ሳታደርግ «ስለ እኔ ነው የምታወሩት?» አለች።

«አይ እማማ! ስለ አይጥ ነው» አለች ሳምራዊት ደንግጣ።

«እና ምን ለያየን?» አለች እቴቴ። ጥጧን መፈልቀቅ ቀጠለች። ከበላይዋ አቡጀዴው ቀስ ብሎ ተወጠረ።

ሳምራዊት ስሸኛት አንድ ነገር ጨመረች፤ አይጥ ግድግዳ ትከተላለች፣ ጢሟ ካልነካ ትፈራለች አለች። ልጅቷ ይህን ስትል ዕውቀት መስጠቷ ነበር። እኔ የሰማሁት ትእዛዝ ነው። ግድግዳውን የምትከተል ከሆነ፣ ግድግዳውን ብንነሣትስ?

ዓርብ የወሩ መድኃኔዓለም ነው። እቴቴን ጎረቤት እጇን ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደወሰደቻት ሥራ ጀመርኩ። አልጋውን፣ ሣጥኑን፣ ቡፌውን፣ ካርቶኖቹን ሁሉ ከግድግዳ አላቅቄ መሐል ቤት ከመርኳቸው። አይጧ ዳር ዳሩን የበላችውን የፕላስቲክ ምንጣፍ ጠቅልዬ ቆሻሻ ጣልኩ። ቀዳዳዎቹን በሲሚንቶ ደፈንኩ። የቅባቱን መስመር ለማጥፋት ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ኖራ ቀባሁት፤ አንዱን መስመር ሳጠፋ ሌላውንም ማጥፋቴን ልብ አላልኩም። በመጨረሻም አዲሱ ገበያ በድምፅ ማጉያ «የአይጥ! የበረሮ! የትኋን!» ከሚለው ሰውዬ የገዛሁትን ስምንት የማጣበቂያ ካርቶን በግድግዳው ሥር ዘረጋሁ። ላቤን ጠርጌ ስመለከተው ቤቱ ቤት አይመስልም ነበር፤ ነጭ፣ ባዶ ዳር ያለው፣ መሐሉ ላይ ዕቃ የተቆለለበት ነገር። ኮራሁ።

እቴቴ ስትመለስ ጉም ከእንጦጦ ወርዶ ደጁን ሸፍኖት ነበር። ጎረቤቲቱ በሩ ላይ ትታት ሄደች። እቴቴ ደፉን ተሻግራ አንድ እግሯን ካስገባች በኋላ ቆመች።

«ይቅርታ» አለች። «የማን ቤት ነው?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። የሳቄ ድምፅ ባዶው ግድግዳ ላይ ነጥሮ ተመለሰ፤ ፊቷን ወደ ሳቁ ሳይሆን ወደ ተመለሰበት አዞረች።

«አንተ ነህ? ምን ሆነህ ነው ሰው ቤት የምትስቀው?»

«እቴቴ፣ ቤትሽ ነው እኮ!»

የግራ እጇን ዘረጋች። አይበሉባዋ እርጥብ ኖራ ነካ። እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበችው። ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ፣ ሁለተኛ እርምጃ፤ በሦስተኛው ማጣበቂያው ላይ ቆመች። ልረዳት ስሮጥ እኔም ሌላው ላይ ቆምኩ። እሷን ለማላቀቅ ጎንበስ ስል እጄ በሦስተኛው ተያዘ። ሁለት ዘመዳሞች፣ አንዷ ዕውር አንዱ ምሁር፣ በቀን በብርሃን ለአይጥ የተዘረጋ ሙጫ ላይ ተጣብቀን ቀረን። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላል ሰው፤ ዳዋ ግን ቢያንስ ወጥመዱን ራሱ አልገዛም።

ጫማዋን ትታ በካልሲ ወጣች። «ተቀመጪ» ብላት እምቢ አለች። እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ መሐል ቤት ቆመች። እጆቿን እንደዚያ ዘርግታ አይቻት አላውቅም።

«ሰባ ዓመት ሙሉ ዕውር ነሽ ሲሉኝ ሰው የሚያወራው ነገር ነው እል ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ለካስ ይኼን ነው የሚሉት።»

ያን ጊዜ ሳቄ ሁሉ ደረቀ።

«እመልሰዋለሁ። እንደነበረው አደርገዋለሁ» አልኳት።

«ቡፌው የት ላይ ነበር?»

ስድስት ክረምት አብሬው ኖሬ፣ ሁለት ዐይን ይዤ፣ አላውቀውም። «እዚያ አካባቢ» ብቻ ነው የማውቀው። የወለሉ ምልክት ከምንጣፉ ጋር ተጥሏል፣ የግድግዳው በኖራ ሥር ነው። አልጋውንና ሣጥኑን እሷ እየዳሰሰች፣ እኔ እየገፋሁ በግምት መለስናቸው። ቡፌው ግን የግምት ዕቃ አይደለም። የቡፌው ጠርዝ አንድ ክንድ ከዘገየ እቴቴ ቀጥ ብላ ደረጃዋ ላይ ትሄዳለች። ቅዳሜ እመቤት የምትመጣው ደግሞ ይህንኑ ልታይ ነው። ማጣበቂያዎቹን ሰበሰብኩና ባዶው ግድግዳ ፊት ቁጢጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ዝም በል» አለች እቴቴ።

«አልተናገርኩም እኮ።»

«መተንፈስህንም ቀንስ። እሷም ጠፍቶባት እየፈለገች ነው።»

አይጧ ከካርቶኖቼ ሥር ወጣች። አመድማ፣ ከጠበቅኋት ያነሰች። ጢሞቿ አያርፉም፤ ወደ ፊት ወደ ኋላ፣ እንደ ብዙ ቀጫጭን ጣቶች አየሩን ይዳብሳሉ። ግድግዳውን ነካች፣ ኖራውን ጠላችው፣ ፊቷን በእጆቿ ጠራረገች፤ ከዚያ ሄደች። ሣጥኑ ጋ ደርሳ ጠርዙን መረመረች። አልፋ መስኮቱ ሥር ቆመች። ከዚያ ቀጠለችና ምንም በሌለበት፣ ባዶ ወለል ላይ፣ በድንገት ከግድግዳው ተለየች። ወደ መሐል ቤት ቀጥ ብላ ወጣች፣ ቆማ ታጠፈች፣ ጥቂት ተጓዘች፣ ዳግመኛ ታጠፈችና ወደ ግድግዳው ተመለሰች።

በዞረችበት መሐል ቡፌው ነበር። እዚያ አልነበረም፤ በስተኋላዬ ተገትሯል። ግን እዚያ ነበር። ስትመለስም ያንኑ የሌለ ቡፌ፣ በዚያው ልክ፣ ዞራ አለፈች።

«ምን አደረገች?» አለች እቴቴ።

ነገርኳት። እጇን ያዝኩና አይጧ እስከተለየችበት አደረስኳት፤ እጄን ለቃ በገዛ እግሯ ወጣች፣ ታጠፈች፣ ታጠፈች። እርምጃዋና የአይጧ መንገድ አንድ ሆነ። የተማረ ሰው ነኝ ብያለሁ፤ በዚያች ሰዓት ግን ሁለቱም የሚያዩት አንድ ነገር እንዳለ፣ የማላየው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ተሰማኝ። ጠመኔ አምጥቼ አይጥ በቀየሰችልኝ መሠረት ቡፌውን ገፍቼ አቆምኩ። እቴቴ ክርኗን አስነካችውና ራሷን ነቀነቀች።

«ምንም አይል» አለች። «ደክሞሃል፣ ተወው።»

ለሳምራዊት ስልክ ደወልኩ። «ሰውነቷ መንገዱን ይዞታል እኮ ጋሼ» አለችኝ። «ጢሟ ባዶ ነው ቢላትም እግሯ የቆየውን ያምናል። ግን አንተ… እቃውን ሁሉ አንቀሳቀስክ? እኔ እንዲህ አድርግ ብያለሁ?»

ቅዳሜ ከሰዓት እመቤት መጣች። የኖራውን ሽታ ገና በሩ ላይ ሳበችው፣ ግድግዳውን አየች፣ ሙጫ ላይ የቀረውን የእናቷን ጫማ አየች። ትእዛዙን በአንድ ትንፋሽ ለቀቀችው። እናቷ ዛሬውኑ እንደምትሄድ፣ ልብሷ እንዲሰበሰብ፣ እኔም አፌን እንድዘጋ። እንዲህ እያለች የሽሮውን ከረጢት ልታይ፣ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ፣ ወደ ማድ ቤቱ ስትንደረደር የቡፌው ጠርዝ ዳሌዋን መታት።

«ውይ!»

ቆመች። ቡፌውን አየችው፣ ዳሌዋን ዳበሰች።

«ይኼ እዚህ አልነበረም» አለች።

«ነበረ» አልኩ፤ ምስክሬን ግን መጥራት አልቻልኩም።

«አልነበረም እልሃለሁ! አራት ጣት ወደ ደረጃው ወጥቷል።» እመቤት ከዚህ ቤት ተድራ ከወጣች ሃያ ዓመት አልፏታል። ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ በዳሌዋ ቡፌውን አንዴ፣ ሁለቴ ገፋችው። ዐይኗን ጨፈነች። እንደ ጨፈነች ከመስኮቱ ተነሥታ፣ ቡፌውን ዞራ፣ ደረጃዋን ሳትደናቀፍ ወርዳ ማድ ቤት ገባች። ለጥቂት ጊዜ አልወጣችም።

እቴቴም ተነሣች። አይበሉባዋን በደረቀው ኖራ ላይ ጣል አድርጋ ሄደች። ክርኗ ጠርዙን ነካ፣ ዞረች፣ ወረደች። ከታች ስታለቅስ ይሁን ስትስቅ ያልለየሁት የእመቤት ድምፅ ተሰማ። ከዚያም «እማዬ፣ ሽሮውን ክዳን ባለው ዕቃ ማድረግ ማንም አላሰበም?» ስትል ሰማኋት። እውነት ለመናገር ማንም አላሰበም ነበር።

ሲወጡ እመቤት እጇን በነጠላዋ እየጠረገች «እማዬ የትም አትሄድም» አለች።

ልቤ ዘለለች። «እኔም እኮ ስል የነበረው…»

«አንተ ነህ የምትሄደው።»

«ምን?»

«እዚህ ቤት እናቴን ሊገድል የሞከረው አይጥ አይደለም። ኖራው ደርቆ፣ ቤቱ እስኪረጋላት እኔ ጋ ትቀመጣለህ። አምስተኛ ፎቅ ነው፤ የምታንቀሳቅሰው ነገር የለም፣ ሁሉ ግድግዳ ላይ የተመታ ነው።»

ወደ እቴቴ ዞርኩ። እቴቴ ደግ ናት፣ ዘመድ አትጥልም፣ ስድስት ክረምት ችላኛለች።

«ውሰጂው» አለች።

መኪናው የፊት ወንበር ላይ ለእናቷ ጀርባ ብላ ያመጣችው ትራስ ተቀምጧል። እሱን ተደግፌ፣ ሻንጣዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። እቴቴ ዛሬም በወረደው ጉም ውስጥ የአጥሩን ቆርቆሮ በእጇ እየተከተለች እስከ መኪናው ወረደችና መስኮቱን አንኳኳች። ዝቅ አደረግኩት።

«ስትመለስ ዝም ብለህ እንዳትገባ» አለችኝ። «በሩ ላይ ቆመህ ጥራኝ። እጅህን ይዤ አስገባሃለሁ።»

«አይጧስ እቴቴ?»

«እሷማ መንገዱን ታውቀዋለች» አለች፤ ዞራም ወደ ጉሙ ገባች።